127 ኪሎ ቆሮሶ እና አንድ ዜሮ

ሽማግሌው ደረሰኙን ዐይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። ከዚያ ሳቁ።

«127 ኪሎ? ይህን ያህል ያወጣሁ ለት እኮ ድግስ ደግሼ አንተንም እጠራህ ነበር» አሉኝ።

ጠዋት 12 ኪሎ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ አስረክበዋል። ከሰዓት ደግሞ 7 ኪሎ። ድምሩ 19 ነው። ደረሰኙ ላይ ግን 127 ይላል፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ የሚሄዱት በደንገል ታንኳ ነው። አጠገባቸው የነበሩት ልጆች «አያ፣ ዝም ብለው ይቀበሉ እንጂ!» እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ያው ጥፋት ማንንም የማያስቅ ሆኖ መጣ። ነገሩ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ቦታው ባሕር ዳር ነው፤ ሐይቁ ዳር ያለ ትንሽ የአሳ መረከቢያ። ዘጌ፣ ደቅ እና ቁንዝላ አካባቢ ሰብሳቢዎች አሉት። አጥማጁ አሳውን ለሰብሳቢው ያስረክባል፣ ሰብሳቢው ይመዝናል፣ ስልኩ ላይ ባለው ቅጽ ይሞላል፣ አሳው በሞተር ጀልባ ይመጣል። ከተማው አጠገብ ያሉት አጥማጆች፣ እንደ አያ ያሉት፣ ራሳቸው እዚሁ ያመጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገንዘብ ያዧ ድምሩን አይታ ትከፍላለች። ድሮ ይህ ሁሉ በደብተር እና ካርቦን ባለው የእጅ ደረሰኝ ነበር የሚሠራው። የካርቦኗን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ሥራውን የያዝነው እኔና አንድ ጓደኛዬ ነን። የስልኩን ቅጽ ሌላ ልጅ ነው የሠራው፤ ኮድ ሳይጻፍ ቅጽ በሚያሰራ ዝግጁ መሣሪያ። እኛ ከስልኮቹ የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ፣ ደምሮ፣ ደረሰኝ የሚያወጣውን ክፍል ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍን።

ሲ ሻርፕ ታይፕ ላይ፣ ማለትም አንድ ዋጋ ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ በሚለው ዓይነት ላይ፣ ጥብቅ ነው። ዴሲማል (የአስርዮሽ ቁጥር) ነው ያልከው ቦታ ላይ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ልታስቀምጥ ብትሞክር ኮድህን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለሩ ገና ከበሩ ይመልስሃል። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 4.0 እትሙ ላይ አንድ የጓሮ በር ተከፈተ። ስሙ ዳይናሚክ ነው። አንድን ነገር ዳይናሚክ ካልከው ኮምፓይለሩ አይመረምረውም። «ኪሎ የሚባል ነገር አለው?» ብሎ አይጠይቅህም። ፕሮግራሙ ራን ሲያደርግ (ሥራ ላይ ሲሆን) ያኔ ይታያል ብሎ ያልፋል። የገባበትም ምክንያት ነበረው። እንደ ፓይተን እና ሩቢ ካሉ ቋንቋዎች የሚመጣን ነገር፣ እንደ ኤክሴል ካሉ ፕሮግራሞች የሚመጣን ሰነድ፣ በየመስመሩ ታይፕ እየቀየሩ ማንበብ እጅ የሚያዝል ሥራ ነው። ዳይናሚክ ያን አቀለለ።

እኛስ ለምን ተጠቀምንበት? ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ነው። 55 ቀን የአሳ ፈላጊ ይበዛል። (አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ ገበያው የራሱን መልስ ከሰጠ ቆይቷል።) ቅጹ ደግሞ በሁለት ቀን አንዴ ይቀየራል። ዛሬ ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ነበር፣ ነገ ነጭ አሳ ይጨመራል፣ ከነገ ወዲያ ፊሌቶ ለብቻው ይሁን ይባላል። ለእያንዳንዱ ለውጥ ክላስ (የመልእክቱን ቅርጽ የሚዘረዝረውን ኮድ) እያስተካከሉ፣ ቢልድ እያደረጉ፣ ሰርቨር ላይ እየጫኑ ከመሮጥ መልእክቱን ዳይናሚክ ብለን ተቀበልነው። «መልእክት ነጥብ ኪሎ» ብለህ ትጽፋለህ፤ አለቀ። ደግሞ ሠራ! ጾሙ ከመግባቱ በፊት ደረስን። ዳይናሚክ ባይኖር አንደርስም ነበር፤ ይህን ክጄ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ።

አሁን ወደ 127ቱ።

ከስልክ የሚመጣው መልእክት ጄሰን ነው፤ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ። ጄሰን ውስጥ 12 እና በጥቅስ ምልክት የታጠረ «12» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ ነው፤ አንድ እና ሁለት የሚባሉ ሁለት ፊደላት። መጀመሪያ ሁሉም ስልኮች ቁጥር ነበር የሚልኩት። አንድ ቀን አንዱ ሰብሳቢ «ሰባት ተኩል ብዬ መጻፍ አልቻልኩም» ብሎ አማረረ። ቅጹን የሠራው ልጅ መፍትሔውን በአንድ ደቂቃ ጨረሰ፦ የኪሎውን ቦታ ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ለወጠው። ለኛ አልነገረንም። ለምን ይንገረን? እሱ ስክሪን ላይ 7 ያው 7 ነው።

መረከቢያው ሁለት ስልክ አለው፤ አንዱ አዲሱን ቅጽ ጭኗል፣ አንዱ አልጫነም። አያ ጠዋት ያመጡት በአሮጌው ቅጽ ተመዘገበ፦ 12። ከሰዓት ያመጡት በአዲሱ፦ «7»። ፕሮግራሜ ሁለቱን ደመራቸው። ሲ ሻርፕ ላይ ቁጥርና ጽሑፍ የመደመር ምልክት ሲያገናኛቸው ድምሩ ሒሳብ አይሆንም፤ መለጠፍ ነው። 12 ላይ 7 ተለጠፈ። 127።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። «127» ጽሑፍ ከሆነ በዋጋ ሲባዛ ለምን አልፈነዳም? ጽሑፍን በዴሲማል ማባዛት እኮ አይቻልም፤ ዳይናሚክም ቢሆን ራን ሲያደርግ ይጮህ ነበር። ያልጮኸው እኔ አፉን ስለያዝኩት ነው። ከማባዛቱ በፊት ኮንቨርት የሚባለውን መቀየሪያ ጠርቼ ድምሩን ወደ ዴሲማል አስገብቼዋለሁ። ኮንቨርት ደግሞ ሰው አይመልስም፤ ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ ከሰጠኸው ቁጥር አድርጎ ይሰጥሃል። በቃ፣ 127 ንጹሕ ዴሲማል ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ኮድ ሁሉ የሚያየው ትክክለኛ ዴሲማል ነው፤ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ነው።

ያን ዕለት ማታ ምን አደረግኩ? እዚያችው መስመር ላይ ሄጄ፣ ከመደመሩ በፊት ሁለቱንም ኮንቨርት አድርጌ፣ ሰርቨሩ ላይ ጭኜ፣ ሐይቁ ዳር ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ቀዳዳዋን ደፈንኩ እንጂ ጣሪያውን ቀና ብዬ አላየሁም። የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ጥፋት እሷ ቡና ናት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ቅዳሜ፣ ከዘጌ በኩል አንድ ሰውዬ ሊቀበል መጣ። ገንዘብ ያዧ ስክሪኑን አየች።

«የለህም» አለችው።

«እንዴት የለኝም? አለኝ እንጂ።»

«ወንድሜ፣ ምን ላድርግህ፣ ኮምፒውተሩ ዜሮ ነው የሚለው።»

ሰውዬው ብዙ አልተከራከረም። ከኪሱ ፌስታል አወጣ፣ ከፌስታሉ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የካርቦን ደረሰኝ። የዘጌው ሰብሳቢ ስልክ ተሰጥቶትም ደብተሩን አልጣለም ነበር። ደረሰኞቹ ሲደመሩ 41 ኪሎ። ገንዘብ ያዧ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው ይበልጥ የከበደኝ። «ና እስኪ፣ ይህ ሰው ፊት ቆመህ ንገረው» አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ፊሌቶ ለብቻው ይመዝገብ ስለተባለ ቅጹ ላይ «ኪሎ» የሚለው ቦታ ጠፍቶ በምትኩ «የሙሉ አሳ ክብደት» እና «የፊሌቶ ክብደት» ገቡ። አዲሱ ቅጽ መጀመሪያ የተጫነው ዘጌ ላይ ነበር። የኔ ኮድ አሁንም «መልእክት ነጥብ ኪሎ» ይላል። ኪሎ የለም። ጄሰኑን የሚያነብልን ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ)፣ በዳይናሚክ የሌለ ስም ስትጠይቀው አይጮህም፤ ናል፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ ይመልሳል። ናሉ ወደ ኮንቨርት ሄደ፤ ያችው እኔ ለ127ቱ መድኃኒት ብዬ የጨመርኳት ኮንቨርት። ኮንቨርት ናልን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ዜሮ ይመልሳል። ስሕተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ሎግ ላይ አንዲት መስመር የለ። 41 ኪሎ አሳ ዜሮ ሆኖ በሰላም ዳታቤዝ ገባ።

ሲበዛ ሰው ይስቃል፤ ሲጎድል ሰው በባዶ እጁ ወደ ዘጌ ይመለሳል። ያ ሰው ወረቀቱን ባይዝ ኖሮ ማንን ነበር የምናምነው? እሱን ወይስ ስክሪኑን? መልሱን አውቀዋለሁ። ገንዘብ ያዧ ገና ከበሩ «የለህም» ብላዋለች።

ያኔ ቁጭ ብዬ ኮዱን ከላይ እስከታች አየሁት። ዳይናሚክ የሚለው ቃል የተጻፈው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ሁለት! እኔም ለዚህ ነው «ትንሽ ነው የተጠቀምነው» ስል የከረምኩት። ከዚያ ኮድ በምንጽፍበት ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ማውሱን «ቫር» በሚለው በእያንዳንዱ ቃል ላይ ማሳረፍ ጀመርኩ፤ ታይፑን ይነግርሃልና። ዳይናሚክ። ዳይናሚክ። ዳይናሚክ። ስልሳ ደርሼ መቁጠር ተውኩ።

ቫር ራሱ ጥፋት የለበትም። ብዙ ሰው ቫርን ከዳይናሚክ ጋር ያምታታዋል። ቫር «ታይፑን አንተው አውጣው» ማለት ነው፤ ኮምፓይለሩ ከቀኙ ያለውን አይቶ ይወስናል፣ ከወሰነ በኋላ አይላወስም። ችግሩ ከቀኙ ያለው ዳይናሚክ ሲሆን የሚወስነውም ዳይናሚክ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ አንድ ሜተድ (ስም ያለው የኮድ ክፍል) ስትጠራ ከምትሰጠው ነገር አንዱ ዳይናሚክ ከሆነ፣ ሜተዱ ዴሲማል እመልሳለሁ ብሎ ቢጽፍም፣ ጥሪው ራሱ ለራን ታይም ስለሚተው ውጤቱ በኮምፓይለሩ ዐይን ዳይናሚክ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከበሩ የገባው እንግዳ ጓዳ ደርሷል። ደረሰኙ ውስጥ አለ፣ ሳምንታዊ ሪፖርቱ ውስጥ አለ፣ ክፍያው ውስጥ አለ። አንዱም ቦታ ላይ ስሙ አልተጻፈም።

(በነገራችን ላይ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ያን ጊዜ ተፈታልኝ። ቁጥርን በሚያምር መልክ የሚያሳይ ኤክስቴንሽን ሜተድ፣ ማለትም በነባር ታይፕ ላይ ከውጭ የሚጨመር ሜተድ፣ ነበረኝ፤ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ይሠራል፣ እዚህ ራን ሲያደርግ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ይወድቃል። ዳይናሚክ ላይ ኤክስቴንሽን ሜተድ አይጠራም። ምልክቱ ፊቴ ነበር፤ እኔ ግን ሜተዱን ተራ ስታቲክ አድርጌ አልፌዋለሁ።)

ጓደኛዬ ዳይናሚክ የሚባል ነገር ከፕሮጀክቱ ይጥፋ አለ። ከነሥሩ። እኔ ደግሞ ቅጹ መቀየሩን አያቆምም፣ ነገም አንድ ሰው ሳይነግረን ይቀይረዋል፣ ስለዚህ በሩ ላይ የሚለዋወጠውን የሚቀበል ነገር ያስፈልገናል አልኩ። ሁለት ማታ ተከራከርን። እሱ ከመናደዱ የተነሳ ታይፕስክሪፕት የሚባለው ሌላ ቋንቋ ይሻል ነበር እስከማለት ደረሰ። እዚያ ኤኒ የሚባለው የኛው ዳይናሚክ ወንድም ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አንኖውን የሚባልም አለ፤ ምን እንደሆነ ሳታጣራ እንዳትነካው የሚከለክል። እኔም «እሱማ እኛም ጋ አለ» አልኩት። ማንኛውንም ዋጋ የሚይዘው ታይፕ፣ ኦብጀክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፓይል ከሆነ በኋላ ዳይናሚክ የሚባል የተለየ ታይፕ የለም፤ ውስጡ ኦብጀክት ነው። ልዩነቱ ኮምፓይለሩ ላይ ነው። ኦብጀክት ስትለው «ምን እንደሆነ ስለማላውቅ መጀመሪያ አጣራ» ይልሃል። ዳይናሚክ ስትለው «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንተ ካልክ ግን ይሁን» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ ሲያነሱ ያቀረቡት ሐሳብም የመጀመሪያውን ይመስላል፦ ዋጋውን ከነታይፑ አንድ ላይ እሰረው፤ ስትፈታው ግን «ቁጥር ከሆንክ እንዲህ፣ ጽሑፍ ከሆንክ እንዲያ፣ ሌላ ከሆንክ ደግሞ እንዲህ» ብለህ ጠይቀህ ብቻ ፍታው። «ሌላ ከሆንክስ» የምትለዋ ቅርንጫፍ ናት እኛ ጋ ያልነበረችው።

በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው። አንድ ፋይል አለ፤ ስሙ «በር»። ከስልክ የሚመጣ ማንኛውም መልእክት በሱ ብቻ ይገባል። ዳይናሚክ እዚያ ውስጥ ይፈቀዳል፣ ከዚያ ፋይል ውጭ ግን አይወጣም። የተነበበው ነገር ወዲያው ኦብጀክት ላይ ያርፍና ይጠየቃል። ቁጥር ነህ? እሺ። ጽሑፍ ነህ? ቁጥር ትሆን እንደሆን እንሞክር። ናል ነህ? ወይም ሌላ ነገር? ወደ «የሚጣራ» ዝርዝር። ከበሩ የሚወጣው «ርክክብ» የሚባል ቋሚ ታይፕ ነው፤ የአሳው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ቀኑ። ክብደቱም ተራ ዴሲማል አይደለም፤ «ኪሎ» የሚባል የራሳችን ታይፕ ነው። ዴሲማል በነበረ ጊዜ ኪሎን ከብር ጋር ብትደምር ኮምፓይለሩ ምንም አይልም፤ አሁን ይላል። ውስጥ ያሉትን ቫሮች ደግሞ አንድ በአንድ በታይፓቸው ስም ተካናቸው። አሰልቺ ሥራ ነው። ሁለት ቀን ፈጀ።

ጽሑፉን ወደ ቁጥር ስንለውጥ አንድ ወጥመድ ተገኘ። አንዱ ሰብሳቢ ሰባት ተኩል ለማለት በነጥብ ፈንታ ኮማ ይመታል። ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው የዴሲማል ፓርስ፣ ዝም ብለህ በኢንቫሪያንት ከልቸር (ከየትኛውም አገር ጋር ባልተያያዘ አጻጻፍ) ከጠራኸው፣ ኮማን የሺህ መለያ አድርጎ ስለሚቆጥር ይዘለዋል። 7,5 ብትሰጠው 75 ይመልስልሃል፤ ከኮማው በኋላ ሦስት አሃዝ መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። ስለዚህ የአስርዮሽ ነጥብ ብቻ ፈቅደን ኮማ ያለውን ሁሉ ወደ «የሚጣራ» ላክነው። ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ርክክብም እዚያው ይሄዳል። ጓደኛዬ «አያ እውነት 127 ያወጡ ለትስ?» አለኝ። ያን ለትማ ድግስ አለ፤ እዚያው እናጣራዋለን።

ዕድል ሆኖ የስልኮቹን መልእክት እንደመጣ ሳንነካ አስቀምጠን ነበር። ሁሉንም እንደገና በበሩ አሳለፍናቸው። 11 ደረሰኝ ተሳስቶ ተገኘ፤ 4ቱ ዜሮ። የዘጌው ሰውዬ ያን ቅዳሜ በካርቦኑ ተከፍሎታል፤ የሌሎቹ ሦስት ዜሮዎች ባለቤቶች ግን እስኪጠሩ ድረስ እንደጎደላቸውም አላወቁም።

ታይፑን አጠበቅን፣ በቃ ተገላገልን ብለን ነበር። ቀኑ ግን ሌላ ጉድ ሆነ። ቀኑን መጀመሪያም ቢሆን በጥብቅ ታይፕ ነው የያዝነው፤ ዴትታይም በሚባለው። ዳይናሚክ አልነካውም። ሰብሳቢው ግን የሚጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ዴትታይም ደግሞ የፈረንጁን ነው የሚያውቀው። አብዛኛውን ቀን ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበላል፤ ሰኔን ኦክቶበር አድርጎ ያስቀምጣል፤ 10ኛ ወር ነዋ። የተያዘው ጥቅምት 30 ሲጻፍ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና ወደቀ። ጳጉሜን ላይ ብንደርስ ኖሮ 13ኛ ወር ብለን ጨርሶ እናሳብደው ነበር። ሲ ሻርፕ በሚሠራበት ዶት ኔት ውስጥ የዕብራውያን አቆጣጠር አለ፣ የፋርስ አለ፣ የታይ ቡድሂስት ሳይቀር አለ፤ የኛ የለም። «የኛ ቀን» የሚል ታይፕ ጻፍን፤ 12 ወር በ30 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ 6። ሃምሳ መስመር ገደማ ናት፣ ከሁሉም ኮዳችን የምወዳት እሷን ነው።

ዳይናሚክ ዛሬም ሁለት ቦታ አለ። አንዱ በር ውስጥ። ሌላው ሆቴሎች የሚልኩትን የኤክሴል ማዘዣ የሚያነበው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እዚያ ላይ ለተፈጠረበት ሥራ ስለዋለ ማንም አልነካውም። ጓደኛዬ አሁንም ያኔ ከነሥሩ መጥፋት ነበረበት ይላል። ይበል።

ባለፈው ገንዘብ ያዧ ስክሪኗን ስትከፍት «የሚጣራ» ላይ አንድ መስመር አገኘች። ከደቅ ነው። ክብደት በሚለው ቦታ ላይ «አንድ ቅርጫት» ተብሎ ተጽፏል። ስልክ አነሳች።

«ቅርጫቱ ስንት ኪሎ ነው?»

«አልመዘንኩትማ።»

«ለምን?»

«የሚዛኑ ባትሪ አልቋል።»

«እና?»

«እናማ ቅርጫት አልኩ።»

መስመሯ እስከ ማታ ድረስ እንደዚያው ቆየች። ማታ ጀልባው ሲደርስ ቅርጫቱ እዚህ ተመዘነ። 23 ኪሎ።